«በጡቴ» በያት

ለሪሀና እናት፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው፣ ወገብሽስ፣ እንቅልፍሽስ? ከሁሉ በፊት ግን ያ በካውያ የተቃጠለው እጅሽ እንዴት ሆነ? ቁስሉ ጠገገልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከሚሴም ደህና ናት። ጨፋ ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል፣ የእናትሽ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በልልን ብሏል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን በደብዳቤ መዋሸት ደስ አይለኝም፣ በርበሬም ጎድሎናል።

ለሪሀና በስልክ «አባትሽ በገዛ እጁ ጽፎ ካልላከልኝ ቃሌን አልሰጥም» ብለሻታል። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩልሽ። ጉዳዩን ታውቂዋለሽ፦ ልጃችን አዲስ አበባ ሄዳ በስፖርት ክለቡ ቤት እየኖረች ትሠልጥን ወይስ ከእኔ ጋር ከሚሴ ትቅር? የሁለታችንም ቃል ይፈለጋል፤ ጥቅምት ከገባ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ዙቤይዳ ፈቃዷን ጨርሳ ሐሙስ ወደ ዐረብ አገር ሥራዋ ስለምትመለስ ይህን በእጅሽ ታስረክብሻለች። ፊደሌ ከመስመር ቢወጣ፣ አንዱ ቃል ሌላው ላይ ቢሳፈር አትፍረጂብኝ፤ ዓመት ሙሉ ብዕር ያልጨበጠ እጅ ነው። ሪሀና ትምህርት ቤት እስክትመለስ በር ላይ ፀሐዩ መሀል ተቀምጬ ነው የምጽፈው። መስመሩንም በወፍራም ጥቁር ቀለም ራሴ አሰመርኩት፤ የደብተሩ መስመር እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ነው፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም መሰለኝ።

አስቀድሜ የፎቶውን ነገር ላጥራ፣ እሱ ሳይጠራ ሌላውን አትሰሚኝም። እጅሽን በፋሻ ጠቅልለሽ የላክሽውን ፎቶ «አምባሩ እንዴት አምሮብሻል!» ብዬ በድምፅ መለስኩልሽ። ከዚያ ሦስት ቀን ጠፋሽ። ሐቅሽ ነው፣ እኔ ብሆን ሳምንት አኩርፍ ነበር። ጥፋቱ የስልኩ መስታወት ነው፤ ተሰንጥቋል፣ ፀሐዩም ፊት ለፊት ነበር፣ ባጃጁም ይንገጫገጭ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ልምልልሽ አሰብኩና ተውኩት፤ መሐላ ማብዛት ጥሩ አይደለም። አምባር ሳይሆን ፋሻ መሆኑን፣ እማን ካውያ እንዳቃጠላት ሪሀና ስትነግረኝ ቀኑን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም። ፎቶ በላክሽ ቁጥር «አምሮብሻል» የምለው ስለሚያምርብሽ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትጠረጥሪ።

አሁን የልጅሽን ነገር ከሥሩ ላውጋሽ። በስልክ በጥድፊያ በጥድፊያ ነው የሰማሽው፣ ግማሹንም እኔ ቆርጬ አስቀርቼብሻለሁ።

በሄድሽ በሁለተኛው ዓመት የላክሽው ካርቶን ትዝ ይልሻል? የአሠሪዎችሽ ልጅ የጠላውን ባለጎማ ጫማ ከታች አድርገሽ «ለሪሀና፣ ጫማ» ብለሽ ጻፍሽበት። እንግዲህ ጫማ ካልሽ ጫማ ነው። ከሥሩ አራት አራት ጎማ በአንድ መስመር ተደርድሮ ሳይ፣ የዐረብ ሰው በእግሩ መሄድ ሰለቸው ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ። ክረምት ሊገባ ነበር፣ የሰፈራችንን ጭቃ ታውቂዋለሽ። የወንድምሽ የሙሀመድኑር ጋራዥ ወሰድኩና ጎማዎቹን አስፈትቼ፣ ሥሩን በላስቲክ አስለብጬ፣ ማለፊያ የጭቃ ቦት ጫማ ሆነልሽ ብዬ ይዤላት ገባሁ። ልጅሽ አየችውና እሪ አለች። ምን እንደሆነ በስልክ አይታ ታውቅ ኖሯል! ሙሀመድኑር ደግሞ ስምንቱን ጎማ ለሰፈር ልጆች ለጋሪ መጫወቻ አድሎታል። እኔና እሱ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ በየደጁ እየዞርን ልጆች ስንለማመጥ ዋልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው። ሙሀመድኑር ኩሽኔታዎቹን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ግራሶ ቀብቶ መልሶ ሲገጥምላት፣ አንዱን ጎማ በጣቷ መታ አድርጋ አሽከረከረችውና እስኪቆም ድረስ ሳትተነፍስ አየችው። ረጅም ጊዜ ዞረ።

ከዚያ ያ መንገድ የተዘጋበት ሰሞን መጣ። አንቺ እዚያ ሆነሽ በጭንቀት ስትከሺ እኛም እዚህ በራችንን ዘግተን ከረምን። ተኩሱ በርዶ ሰው ከቤቱ መውጣት ሲጀምር መኪናው ግን ቶሎ አልተመለሰም። ያ ሲኖትራክ ሌት ተቀን የሚያንጓጓበት አስፋልት ባዶውን ተጋድሞ ዶሮዎች ይሻገሩበት ነበር። አንድ ጠዋት ሪሀና ጫማውን አጥልቃ ወጣች። መጀመሪያ እኔን ይዛ፣ ቀጥሎ የስልክ እንጨቱን ይዛ፣ ቀጥሎ ምንም ሳትይዝ። ያ ዝምታ፣ ያ ሰፊ መንገድ፣ በመሀሉ ልጄ ብቻ። ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር ብል ሰው ይታዘበኛል፤ ለአንቺ ግን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኢልያስ ያገኛት መኪናው ከተመለሰ በኋላ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ስኬቲንግ ያሠለጥናል፣ አክስቱን ሊጠይቅ መጥቶ ከአውቶቡስ ሳይወርድ አያት። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ሠራት። ጎንበስ በይ አላት፣ ጀርባሽ እንደ ሶላት ሩኩዕ ቀጥ ይበል፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ እጠፊ፣ ኩርባ ስትደርሺ ቀኙን እግር በግራው ላይ አሻግሪ። ከፊት ያለው ሰው ነፋሱን ይከፍልልሻል፣ ከጀርባው ተደበቂና ጉልበትሽን ለመጨረሻው ዙር አቆዪ እያለ። ሰፈርተኛው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሴት ልጅ፣ አስፋልት ላይ፣ ምናምን። ሼኹ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንድ ማለዳ ከመስጊድ ሲወጡ ቆመው አዩአት፣ ሰፊ ሱሪዋን፣ ከሄልሜቱ ሥር ያለውን ሻሿን አዩና አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ፍሬን አለው ወይ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይናገራል?

የእኔ ሥራ ከኋላ መከተል ነበር። ሱብሒ ሰግደን ስንወጣ እሷ ከፊት፣ እኔ በባጃጄ ከኋላዋ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ የጭነት መኪናው እኔን ሳይጨፈልቅ እሷ ዘንድ እንዳይደርስ። ከከተማው ወጥተን ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ፣ ከቦርከና የሚነሣው ጭጋግ አስፋልቱን እስከ ጉልበት ሞልቶት፣ እሷ ከወገቧ በላይ ብቻ ትታየኛለች። በበጋ አፋሮች ግመሎቻቸውን ይዘው ለግጦሽ ሲወርዱ መሀላቸው ገብታ ትወጣለች፤ ግመሎቹ አንገታቸውን ዘወር አድርገው ያይዋታል እንጂ አይደነግጡም። የጎማዋ ድምፅ ሽው... ሽው... ይላል፣ ግራው ረዘም፣ ቀኙ አጠር። ስንት ጠዋት በዚያ ድምፅ ልቤ ተኝቶ እጄ ብቻ ነድቷል! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔንም እንደዚያ ወሰደኝ። ልጅ እያሠለጠንኩ ነው እያልኩ ለካ እኔ ነበርኩ ያለሷ ማደር ያቃተኝ።

ባለፈው የካቲት አንድ ጠዋት ጭጋጉ በጣም ወፍራም ነበር። ሙሀመድኑር ያን ቀን ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም ይላል። እሱን አትጠይቂው፣ ወንድምሽ ማጋነን ይወዳል። ብቻ እሷ የጫማዋን ማሰሪያ ልታጠብቅ ቆማ ኖሯል፤ እኔ አልቆምኩም። ስትጮህ መሪውን ጠመዘዝኩ። እሷ በአንድ በኩል ቦይ ውስጥ ዘለለች፣ እኔ በሌላ በኩል የማሽላ ማሳ ገባሁ። ከክርን መላላጥ በቀር ምንም አልሆነችም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እኔም አልሆንኩም። አቧራዋን አራግፋ መጣች፣ ቁልፉን ራሷ አዙራ ሞተሩን አጠፋችና ከጎኔ ተቀመጠች። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እሷ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ እጄን ያዘችኝና አባ፣ ከነገ ጀምሮ አጎቴ ይንዳ፣ አንተ ከኋላ ወንበር ሆነህ ድምፄን ስማና ስሳሳት ንገረኝ አለች። ወገቤንም ያመኝ ስለነበር እሺ አልኩ። ይኸው ባጃጁን ሙሀመድኑር ከያዘው ሰባት ወሩ ነው። ይህን ሳልነግርሽ በመክረሜ አፉ በይኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጅሽ ወሬኛ ሆናለች። መንገድ ስንሄድ ዝም አትልም፦ አባ ድንጋይ አለ፣ አባ ደረጃ ነው፣ አባ እነ ዘምዘም ከማዶ ሰላም እያሉህ ነው፣ እጅህን አንሣላቸው። ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ገበያ ስንሄድ እንደ ሕፃን እጄን ትይዛለች። ይህን ያህል አባቷን የምትወድ ልጅ ከሚሴ ውስጥ የለችም። እኔም እቀልድባታለሁ፤ ባል ሲመጣ በየትኛው እጅሽ ልትይዢው ነው እላታለሁ።

አሁን የኮምቦልቻውን ውድድር ልንገርሽ። በሰኔ ነበር። በስልክ «ሰባተኛ ወጣች» ብቻ ነው ያልንሽ፤ አንቺም ግድ የለም፣ መጀመሪያዋ ነው ብለሽ አጽናናሻት። እውነቱ ሌላ ነው።

አዲስ አስፋልት ዘግተው፣ ዳርና ዳሩን ገመድ ወጥረው፣ አሥራ አራት ሴቶች ልጆች አሰለፉ። ከደሴ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ዙሩ አሥር ነው። እኔና ሙሀመድኑር ኩርባው ጋ ቆምን። ሲነሡ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ነበር፤ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ ጎማ የእሷን እለያለሁ። ሙሀመድኑር እንዳይሰለቸኝ የሸሚዙን ቀለም፣ ማን ማን እንደሆነ እየዘረዘረ ይነግረኝ ነበር፤ ዝም በል፣ አታወናብደኝ አልኩት። በሦስተኛው ዙር አምስተኛ ነበረች፣ ከሰው ጀርባ ተደብቃ። በሰባተኛው ሦስተኛ። ዘጠነኛው ላይ ወንድምሽ ጉሮሮው ደርቆ ውሃ ልግዛ ብሎ ሄደ። እዚያው ቁም፣ እንዳትንቀሳቀስ አለኝ፤ ምን ነካው፣ ሕፃን ነኝ?

የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ድምፅ ማጉያው ከከሚሴ የመጣችው ልጅ መሪነቱን ይዛለች አለ። የሪሀና እናት፣ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ሰውነቴ ቀለለኝ። ካለሁበት አስፋልት ላይ ሆኜ አንቺ ያለሽበት ድረስ የምጮህ መሰለኝ። ሽው... ሽው... ግራው ረዘም፣ ቀኙ አጠር፣ እየመጣች ነው፣ ብቻዋን ነው፣ ሌሎቹ ከኋላዋ ናቸው። ቀረብ ብዬ ላያት ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊቷን፣ እየቀደመች ሳለ። ገመዱ ላልቶ ነበር። አንድ እርምጃ ተራመድኩ፣ ደገምኩ። ሰው ጮኸ። ለእሷ የሚጮህ መሰለኝና እኔም አብሬ ጮህኩ።

ደረቴን የገፋኝ የእሷ እጅ ነው። ተያይዘን ገመዱ ላይ ወደቅን። ሌሎቹ በአጠገባችን ሲያልፉ ነፋሳቸው ፊቴን መታኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቆጠርኳቸው። እሷ አነሣችኝ። ኮፍያዬን ፈልጋ አደረገችልኝ፣ እጄን ወስዳ ገመዱ ላይ አስጨበጠችኝና አባ፣ ይህን አትልቀቅ ብላ ሄደች። ሰባተኛ ሆና ገባች። ዳኛው እየተቆጣ መጥቶ ይህ ሰው ማን ነው፣ ሰክሯል እንዴ ሲል፣ ከመድረሻው ተመልሳ መጥታ ሰው ሁሉ በሚሰማበት አባቴ ነው አለችው፣ ደስ ብሎት ነው። እና እንደዚያው ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለውም። እያፈርኩ ወደ ከሚሴ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ተኛች፣ ወይም የተኛች መሰለች።

ከሳምንት በኋላ ነው ነጅዋ የምትባለዋ የአዲስ አበባ ክለብ አሠልጣኝ የደወለችው። ሰባተኛ የወጣችውን ልጅ ነው የምፈልገው አለች፤ ዙሩን ሁሉ ስከታተላት ነበር፣ እንደዚህ ዓይነት እግር በዓመት አንድም አላይ። ትምህርቷንም እዚያው ትማራለች፣ ከሌሎች ስድስት ሴቶች ልጆች ጋር ትኖራለች፣ በጎ ቤት ነው፣ ኢልያስ ሄዶ አይቶታል።

እኔ ባለፍኩበት ሁሉ ስናገር ሰነበትኩ። እሷ ግን አልሄድም አለች። ያውም በአማርኛ አይደለም፤ ትልቅ ነገር ስትቆርጥ የእናትሽን አፍ ነው የምታመጣው፦ «ሂን ዴሙ!» ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ኢልያስን ላክሁባት። ሂን ዴሙ። ለምን ስላት ከሚሴን እወዳለሁ ትላለች። ከሚሴን! ሙቀቱንና ትንኙን ነው የምትወደው? ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። አንዳንድ ነገር አባትና ልጅ መሀል ባይነገር ይሻላል። ጫማውን ግን ከሰቀለችው ሦስት ሳምንት ሆነው። ማለዳ ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ ድምፁን እጠብቃለሁ፤ የለም። እሷ እሳት እያነደደች ነው፣ ቁርሴን እያቀረበች፣ ብርጭቆውን እጄ ላይ እያስጨበጠች። ይህ ነው ያስጨነቀኝ። ልጄ ቁጭ ብላ ልታረጅልኝ ነው።

ባለፈው ሕልም አየሁ፤ ኸይር በይልኝ። ጨፋ በሙሉ ውሃ ሞልቶት፣ ቦርከና ዳር የለውም፣ ሜዳው ሁሉ ጠፍቶ መስታወት ሆኗል። አንቺ በወዲያኛው ዳር ተቀምጠሻል፣ እኔ በወዲህኛው። ሪሀና በመሀላችን ውሃው ላይ በጫማዋ ትሄዳለች፣ ውሃው አይረጭም። ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ነበር። የፋሻሽን ክር አንድ በአንድ አየሁት፤ ከዓይንሽ ሥር ያለችውን ነጥብ አየሁ፤ ጸጉርሽ ከፊት በኩል ሸብቷል፣ አልነገርሽኝም ነበር። ሪሀና ወዳንቺ መጣች፣ ሳትቆም ወደኔ ዞረች፣ ደግሞ እኔንም አልፋ ሄደች። አልጠራኋትም። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ አድጋለች፣ አፍንጫዋ ያንቺን ሆኗል። እንደዚያ ጥርት አድርጌ ካየሁ ቆይቷል። ስነቃ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ በመንቃቴ አዘንኩ።

እና የምጠይቅሽ ይህ ነው። እኔን እየተከራከረች ታሸንፈኛለች። አንቺ ግን አንድ ቃል አለሽ፣ ከሚሴ ውስጥ ያን ቃል ሰምቶ እምቢ ያለ ልጅ አላውቅም። «በጡቴ ይዤሻለሁ፣ ሂጂ» በያት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠባሻት አንቺ ነሽ፤ እኔ ምኔን ልጥራ፣ ባጃጄን? ደውለሽ በጡቴ በያት። ለምን እንደማትሄድ አትጠይቂያት፤ ከጠየቅሻት ትነግርሻለች፣ ከነገረችሽ ደግሞ አንቺም አፍሽ ይታሰራል። ቃሏ ካፏ ሳይወጣ በጡቴ በያትና ስልኩን ዝጊው። ብታለቅስም ዝጊው።

እሷ ስትሄድ አንተን ማን ያይሃል ብለሽኛል። ሰባት ዓመት የላጤ ኑሮ ኖሬ እኮ ነው ያገባሁሽ! ጎረቤቶቻችን እነ ዘምዘም ምሳዬን ይልኩልኛል፣ ወንድምሽ ማታ ማታ ይመጣል። ከደጃችን እስከ መስጊዱ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት እርምጃ ነው፣ ከቦዩ በስተቀር ምንም የሚያደናቅፍ የለም፤ እስከ ሱቁ ዘጠና አራት። ለብቻዬ እየተለማመድኩ ነው፣ እሷ ትምህርት ቤት ስትሆን። አንቺም በእኔ ብለሽ ኮንትራትሽን እንዳታቋርጪ፤ ጨርሰሽ በሰላም ነይ። ውሎ አድሮ ይገባሻል፣ ልጄ እኔን ስለምትወድ ነው እንድትሄድ የምፈልገው። እኔ ገመዱ ዳር በቆምኩ ቁጥር ዓይኗ ወደ መንገዱ አይሆንም፣ ወደኔ ነው። እንደዚያ እየዞሩ ማንም አያሸንፍም። ከእኔ ትራቅልኝ። ፊት ፊቷን እያየች ትሩጥልኝ።

ይኸው ጻፍኩ፣ ፀሐዩም ዞረብኝ፣ ብዕሩም እያለቀ ነው መሰለኝ። አላህ እጅሽን ይማርልኝ፣ ላብሽን በረካ ያድርገው፣ ክፉ ዓይንና ክፉ አፍ አይድረስብሽ፣ በሄድሽበት እግር በደህና ይመልስሽ። እናትሽ እንትፍ ብላ መርቃሻለች፣ አሚን በያት። እኔ ናፍቄሻለሁ፤ ድምፅሽን ሳይሆን አንቺን።

ልረሳው ነበር። መልስሽን ጽፈሽ አትላኪ፣ በሪሀናም ስልክ አትላኪው። በሙሀመድኑር ደውለሽ በአፍሽ ንገሪኝ። ከጻፍሽልኝ የምታነብልኝ እሷ ናት።

የሪሀና አባት